ህመም የማይሰማው እግር፦ የጫማ ውስጥ ንጣፍ ታሪክ እና የእኛ ምርጫ



ባለፈው ወር እዚህ አቦቦ በአንድ ጠዋት ሁለት ሰዎች ስለ እግር ጉዳይ ገጠሙኝ። አንዷ የ4 ዓመት ልጇን ይዛ የመጣች እናት ናት። ልጁ ሲቆም ውስጥ እግሩ ሙሉ በሙሉ መሬት እንደሚነካ አይታ ተጨንቃለች። "ለጠፍጣፋ እግር" በልክ የሚሠራ የጫማ ውስጥ ንጣፍ ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ገንዘብ ማጠራቀም ጀምራለች። ልጁ ግን ይሮጣል፣ ይዘላል፣ አንድም ቀን እግሬን አመመኝ ብሎ አያውቅም።

ሁለተኛው ስኳር ካገኛቸው 12 ዓመት የሆናቸው አባት ናቸው። የመጡት የስኳር መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ነው። ጫማዎን ያውልቁልኝ ብዬ ሳይ ከአውራ ጣታቸው ሥር ቆዳው ደድሯል፤ ከደደረው ቆዳ ውስጥም ደም ቋጥሯል። "ያምዎታል አባቴ?" አልኳቸው። "ኧረ ምንም አይለኝም ልጄ፤ እግሬ እንደ ብረት ነው" አሉኝ።

ልብ በሉ፤ ሁለቱንም አያማቸውም። ልጁን የማያመው እግሩ ጤነኛ ስለሆነ ነው። አባትን የማያማቸው ደግሞ ህመምን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ ስለተጎዳ ነው። ገንዘብ ሊወጣ የታሰበው ለልጁ ነው፤ እግራቸውን ሊያጡ የሚችሉት ግን አባት ናቸው። ይህን ስህተት ደጋግሜ ስለማየው ዛሬ የጫማ ውስጥ ንጣፍ እንዴት ሕክምና እንደሆነ ታሪኩን ላጫውታችሁ። ታሪኩን ካወቅን ማን ምን ዓይነት ንጣፍ እንደሚያስፈልገው መለየት አይከብደንም። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁስሉ ለምን ይመለስ ነበር?

ታሪኩ የሚጀምረው ከሥጋ ደዌ ነው። ይህ በሽታ ሥጋ ይበላል፣ ጣት ይቆርጣል ተብሎ ለብዙ ዘመን ይታመን ነበር። በ1873 ኖርዌያዊው ሐኪም ጌርሃርድ አርማወር ሃንሰን በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ አገኘ። ጀርሙ ቢታወቅም ግን የታማሚዎቹ እግር ለምን እንደሚቆስልና ጣታቸው ለምን እንደሚያጥር ገና አልታወቀም ነበር።

በሀገራችን በ1901 የካፑቺን ሚስዮናውያን ሐረር ላይ ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች መጠለያ ከፈቱ። በ1930ዎቹ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመ ሆስፒታል ተቋቋመ፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ ይባላል። በዚያ ዘመን በየትኛውም አገር ቢሆን የእነዚህ ታማሚዎች የእግር ቁስል ይታጠባል፣ በፋሻ ይታሰራል። ታማሚው ተነሥቶ መሄድ ሲጀምር ቁስሉ ይመለሳል። "በሽታው ነው፤ ምን ይደረጋል" ይባልና ይታለፋል። የብዙዎቹ መጨረሻ እግር መቆረጥ ነበር።

ድመት ይዞ የሚወጣ ታማሚ

በ1946 ፖል ብራንድ የተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ደቡብ ህንድ ወደምትገኘው ቬሎር ሄደ። እዚያም አንድ ነገር አስተዋለ። የታማሚው ቁስል በጄሶ ተሸፍኖ እግሩ ሲያርፍ እንደማንኛውም ሰው ቁስል ይድናል። ሥጋው በራሱ የሚበሰብስ ቢሆን ኖሮ አይድንም ነበር። ታዲያ ጉዳቱ ከየት መጣ?

ብራንድና ባልደረቦቹ ታማሚዎቹ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፉ መከታተል ጀመሩ። አንዱ እሳት ውስጥ የወደቀ ምግብ በባዶ እጁ ያነሣል። ሌላው ጫማው ውስጥ የገባ ነገር እየወጋው ሲሄድ ይውላል። ሌሊት ተኝተው ሳሉ ደግሞ አይጥ ጣታቸውን ይነክሳል፤ ስለማይሰማቸው አይነቁም። ከዚህ በኋላ ከሆስፒታል የሚወጡ ታማሚዎች ድመት ይዘው እንዲሄዱ ተደረገ። እንግዲህ ባክቴሪያው የሚገድለው ነርቩን ነበር፤ ሥጋውን የሚጎዳው ደግሞ ማንም ሳያየው በየቀኑ የሚደርስበት አደጋ ነው።

ከነዚህ አደጋዎች ሁሉ ትልቁ መራመድ ነው። እኔና እናንተ ረጅም መንገድ ስንሄድ ውስጥ እግራችን አንድ ቦታ ላይ ሲያቃጥለን ሳናስበው አረማመዳችንን እንቀይራለን፤ እናነክሳለን፣ ወደ ጎን እንረግጣለን፣ ጥላ ፈልገን እንቀመጣለን። ነርቩ የተጎዳበት ሰው ግን አያነክስም። ከገበያ እስከ ቤቱ ያለውን መንገድ ሁሉ በዚያችው በተጎዳችው ቦታ ላይ እየረገጠ ይጨርሰዋል።

ኧርነስት ፕራይስ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1950ዎቹ መጨረሻ ናይጄሪያ ውስጥ ይህን ቁስል ደረጃ በደረጃ አጥንቷል። ያስተማረን ነገር ዛሬም የምንሠራበት ነው። ቁስሉ ከመከፈቱ በፊት የማስጠንቀቂያ ጊዜ አለ፤ ጉዳቱ ከውስጥ ይጀምራል፣ ቦታው ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ከቆዳው ሥር ደም ወይም ውኃ ይቋጥራል። በዚህ ጊዜ እግሩ ካረፈ ቁስሉ ሳይከፈት ሊቀር ይችላል። በእኚያ አባት እግር ላይ ያየሁት ይህንኑ ደረጃ ነው።

ጫማ ሕክምና ሲሆን

ችግሩ ጫና መሆኑ ከታወቀ መፍትሔውም ከጫማ ሰፊ ጋር ተቀምጦ የሚሠራ ሆነ። ሐሳቡን የአካባቢያችን ሴቶች ከማናችንም በላይ ያውቁታል። ውኃ በጭንቅላታቸው ሲሸከሙ ከዕቃው ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ ያደርጋሉ። ጨርቁ የውኃውን ክብደት አይቀንስም፤ ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ እንዳያርፍ ያሰራጨዋል። የጫማ ውስጥ ንጣፍም ዋና ሥራው ይኸው ነው።

የሚሠራበትን ዕቃ መምረጥ ግን ጊዜ ወሰደ። ተራ ስፖንጅ ቶሎ ተጨፍልቆ ይቀራል፤ ጠንካራ ጎማ ደግሞ ራሱ እግር ይጎዳል። ህንድ ውስጥ የተመረጠው በውስጡ ጥቃቅን የአየር ክፍሎች ያሉት ጎማ ነበር። ሲረገጥ ይለዝባል፣ እግር ሲነሣ ወደ ቦታው ይመለሳል። እሾህና ሚስማር እንዳያልፍ ከሥሩ ጠንካራ ሶል ይደረግለታል።

በ1965 በዘነበወርቅ ሆስፒታል ቦታ ላይ አለርት ተቋቋመ። ስሙ የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ማለት ነበር፤ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ባለሙያዎች ሠልጥነውበታል። ከሕክምና ክፍሎቹ ጋር ጫማ፣ ንጣፍና ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ወርክሾፕም ያለው ተቋም ነው። ናይጄሪያ ውስጥ ቁስሉን ያጠናው ፕራይስም በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ሠርቷል።

ሥራው ግን ሌላ ችግር ገጠመው። ለታማሚ ተብሎ ለብቻው የተሠራ ጫማ ከሩቅ ይታወቃል። ሰው ያየኛል ብሎ የሚያፍር ታማሚ ጫማውን ቤት አስቀምጦ ይወጣል፤ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጫማ ደግሞ እግር አይጠብቅም። በ1996 በታተመ፣ በኢትዮጵያ ገጠር በተደረገ ጥናት ማንም ሰው የሚያደርገው ዓይነት ሸራ ጫማ ለነዚህ ታማሚዎች ወጪ ቆጣቢ አማራጭ ሆኖ ቀርቧል። ይህ ለእኛም ትምህርት ነው። የሚሻለው ጫማና ንጣፍ ሰውየው ሳያፍር በየቀኑ የሚያደርገው ነው።

ከሥጋ ደዌ ወደ ስኳር

ብራንድ በ1966 ወደ አሜሪካ ሄዶ በሉዊዚያና ግዛት በካርቪል የሥጋ ደዌ ሆስፒታል መሥራት ጀመረ። እዚያም የስኳር ታማሚዎች እግር ላይ የሚወጣው ቁስል ህንድ ውስጥ ከሚያውቀው ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ተመለከተ። ስኳር ለረጅም ጊዜ ሳይስተካከል ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ለስኳር ታማሚዎች የሚሠራው ጫማ ብዙውን ነገር የተማረው ከሥጋ ደዌ ታማሚዎች እግር ነው።

በሀገራችን ዛሬም በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዳዲስ የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ይመዘገባሉ። በሽታው በጥምር መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል። ለረጅም ጊዜ የተጎዳ ነርቭ ግን ላይመለስ ስለሚችል ከሥጋ ደዌ የዳነ ሰውም እግሩን ዕድሜውን ሙሉ መጠበቅ አለበት።

እግራችሁ ይሰማው እንደሆነ ቤት ውስጥ ማወቅ ትችላላችሁ። ታማሚው ዓይኑን ይጨፍን። የቤተሰብ አባል በሌባ ጣቱ ጫፍ የእያንዳንዱን እግር አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሽ ጣት ጫፍ ለ1 ወይም ለ2 ሰከንድ ብቻ ቀስ ብሎ ይንካ፤ አይጫን፣ አይደባብስ። ታማሚው ሲነካ "ቀኝ" ወይም "ግራ" ይበል። ከ6ቱ ንክኪዎች 2 ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው ጤና ጣቢያ ሄዶ እግሩን ያስመርምር።

የትኛው ንጣፍ ለየትኛው እግር?

1. የማይሰማ እግር፦ ከተረከዝ እስከ ጣት ጫፍ የሚደርስ፣ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው ለስላሳ ንጣፍ ይመረጣል። ጫማው ይህን የሚይዝ ጥልቀትና ስፋት ያለው፣ በክር ወይም በማሰሪያ የሚጠብቅ መሆን አለበት። ነጠላ ጫማ በቂ አይደለም፤ እግሩ የማይሰማው ሰው ሲወልቅበት እንኳ አያውቅም። ጫማ ሰፊው በሚስማር እንዳይመታው ንገሩት፤ በማስቲሽ ወይም በስፌት ይሁን። ከዚህ በፊት የቆሰለ ወይም ቅርጹ የተለወጠ እግር ግን የገበያ ንጣፍ አይበቃውም፤ በባለሙያ በልክ የተሠራ ያስፈልገዋል። የጫማው ሶል ከፊት ወደ ላይ እንዲቀለበስ ከተደረገም እግር ሲነሣ ከጣቶች ሥር የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል።

አንድ ስህተት ግን አለ። ቁስሉ ባለበት ትክክል ንጣፉን በክብ ቆርጦ ማውጣት ቁስሉን የሚያሳርፍ ይመስላል። የቀዳዳው ጠርዝ ግን በዙሪያው ያለውን ሥጋ ይጫነዋል። በራሳችሁ አትቁረጡ። የተከፈተ ቁስል ደግሞ በንጣፍ ብቻ አይታከምም፤ ሐኪም ይየው።

2. ከጣቶች ሥር የሚያም፣ ነርቩ ጤነኛ የሆነ እግር፦ ትንሽ ጉብታ ያለው ንጣፍ ይረዳል። ጉብታው የሚቀመጠው ከሚያመው ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ ነው። በሚያመው ቦታ ላይ ካረፈ ያባብሰዋል።

3. የተረከዝ ህመም፦ ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ የሚብስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከተረከዝ ወደ ጣቶች የሚሄደው ጅማት ችግር ነው። ውድ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ስሙ። በ1999 በአሜሪካ 236 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤቱን ከ8 ሳምንት በኋላ አየ። ሁሉም የማሳሳብ እንቅስቃሴ ይሠሩ ነበር። ከእንቅስቃሴው ጋር ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የሲሊኮን የተረከዝ ንጣፍ ካደረጉት 95 በመቶው ተሻላቸው። እንቅስቃሴውን ብቻ ከሠሩት 72 በመቶ፣ በልክ የተሠራ ውድ ንጣፍ ከጨመሩት ደግሞ 68 በመቶው ነው የተሻላቸው። በልክ የተሠራ ሁሉ ይበልጣል ማለት አይደለም።

4. አንድ እግር ሲያጥር፦ በተረከዝ ሥር የሚገባ ከፍታ አለ። ጫማ ውስጥ የሚገባው ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሶሉ ከውጭ ይጨመራል። ልኩን በግምት አትወስኑ፤ ባለሙያ ይለካው።

ለወላጆች፦ የልጃችሁ ጠፍጣፋ እግር

አሁን ወደዚያች እናት እንመለስ። ትንንሽ ልጆች ውስጥ እግራቸው በስብ የተሞላ፣ ጅማታቸውም የላላ ስለሆነ አብዛኞቹ ሲቆሙ እግራቸው ጠፍጣፋ ይመስላል። ዕድሜያቸው ሲጨምር ቅስቱ በራሱ ይወጣል።

ጠፍጣፋ እግር ጉድለት ነው የሚለው ፍርሃት ለረጅም ጊዜ ብዙ ጫማ አሽጧል። በ1989 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ጠፍጣፋ እግር ያላቸውን ልጆች ለ3 ዓመት ተከታተለ። የተወሰኑት ልዩ ጫማ ወይም ንጣፍ ተሰጣቸው፣ ሌሎቹ ምንም አልተሰጣቸውም። የሁሉም እግር ተሻሻለ፤ በመካከላቸው ልዩነት አልታየም። በ1992 ደግሞ ህንድ ውስጥ 2,300 ልጆች ሲመረመሩ ጠፍጣፋ እግር የታየው ጫማ ከሚያደርጉት 8.6 በመቶ፣ ከማያደርጉት ደግሞ 2.8 በመቶው ላይ ነው።

ይህን ሰምታችሁ ልጆቹን በባዶ እግር አትስደዱ። አቦቦ ውስጥ እሾህ፣ እባብና በቆዳ የሚገባ የአንጀት ትል አለ። ጫማው ልጁን ከነዚህ ይጠብቀው፤ ጤነኛ እግርን ለማስተካከል ተብሎ ግን ገንዘብ አይውጣ።

ልጁን ወደ ሐኪም የምታመጡት እነዚህ ሲኖሩ ነው፦ እግሩን የሚያመው ከሆነ፣ መሮጥ ካቆመ ወይም ካነከሰ፣ በጣቶቹ ሲቆም ቅስቱ የማይወጣ ወይም እግሩ የሚገትር ከሆነ፣ አንድ እግሩ ብቻ ከተለየ። እግሩ ወደ ውስጥ ተጣሞ የተወለደ ሕፃን ደግሞ አንድ ሳምንትም አይጠብቅ። እሱን የሚያስተካክለው በጄሶ የሚደረግ ተከታታይ ሕክምና ነው፤ ቶሎ ሲጀመር ይቀላል።

እግር ሲያብጥስ?

ለእግር እብጠትም ንጣፍ የሚጠይቁኝ አሉ። ፕራይስ በደጋው ኢትዮጵያ ብዙ ሰው የሚያውቀውን ዝሆኔ አጥንቶ መነሻው በባዶ እግር የሚረገጥ ቀይ አፈር መሆኑን አሳይቷል። ይህ በሽታ የሚይዘው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር በሚበልጡ አካባቢዎች ነው፤ አቦቦ ከዚያ በታች ናት። እዚህ ቆላ ላይ ዋናው ጥርጣሬ በትንኝ የሚተላለፈው የዝሆኔ ዓይነት ነው፤ የዚህ በሽታ መከላከያ መድኃኒት በዘመቻ መሰጠት የጀመረው በ2009 በጋምቤላ ክልል ነበር። ከደጋ መጥተው በሰፈራ መንደሮቻችን የሚኖሩ ሰዎች ግን የመጀመሪያውን ይዘው መጥተው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያበጠ እግር መጀመሪያ ይመርመር። ጠባብ ጫማ ውስጥ ንጣፍ ጨምሮ ማጨናነቅ ይጎዳዋል።

በየቀኑ የሚደረግ

እግራችሁ የማይሰማ ከሆነ፦

ማታ ማታ ውስጥ እግራችሁን እዩ። ጎንበስ ማለት ካቃታችሁ መስታወት ተጠቀሙ ወይም ልጃችሁ ይይላችሁ። ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት እጃችሁን ከትታችሁ ውስጡን ዳስሱ፣ አራግፉት።

አዲስ ንጣፍ በመጀመሪያው ቀን ከ1 ሰዓት በላይ አታድርጉ። አውልቃችሁ ቆዳውን እዩ፤ መቅላቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ ንጣፉ ልክ አይደለም። የተጨፈለቀ ንጣፍ ይቀየር።

በበጋ ቀትር የአቦቦ መሬት ቆዳ ያቃጥላል፤ እስከ ደጃፍ እንኳ ቢሆን በባዶ እግር አትውጡ። የሞቀ፣ ያበጠ ወይም ደም የቋጠረ ቦታ ካያችሁ ባያማችሁም በዚያው ቀን ኑ።

በልክ የሚሠራ ለሚያስፈልገው ሰው ጋምቤላ ሆስፒታል የአካል ማገገሚያ ማዕከል አለ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ ሂዱ።

እኚያ አባት የደደረው ቆዳ ከተነሣላቸው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት እግራቸውን አሳረፉ። ቁስሉ አልተከፈተም። አሁን ሸራ ጫማ ከወፍራም ንጣፍ ጋር ያደርጋሉ፤ የልጅ ልጃቸው ማታ ማታ ውስጥ እግራቸውን ታይላቸዋለች። እናትዬውም ባጠራቀመችው ገንዘብ ለልጇ ልኩ የሆነ የተዘጋ ጫማ ገዝታ የቀረውን ለሌላ ጉዳይ አዋለችው።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ውስጥ ስኳር ያለበት ወይም ከሥጋ ደዌ የዳነ ሰው ካለ "እግርህን ያምሃል?" ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ጫማውን አስወልቁና እዩለት።

ጤና ይብዛላችሁ! ጽሑፉን እግራቸውን ማየት ለሚገባቸው ወዳጅ ዘመዶቻችሁ አጋሩ።